ጥሩወርቅ ያስመጣችው ኪኒን

ጥሩወርቅ ልጇን ለእናቷ ትታ ወደ ሪያድ ስትሄድ አዲስዓለም ገና ፊደል ቆጥራ አልጨረሰችም ነበር። ስትመለስ ልጅቱ በቁመት በልጣታለች። እብናት መናኸሪያ ላይ ተገናኝተው ከተሳሳሙ በኋላ ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸው። አዲስዓለም አያቷን «እማዬ» እያለች ስላደገች፣ ለወለደቻት የቀራት መጠሪያ «እታለም» ብቻ ሆነ። ጥሩወርቅ ይህን ስትሰማ እንጀራ ፍለጋ ያመጣው ነው ብላ ዋጠችው።

አያትየው ካረፉ በኋላ ጥሩወርቅ ልጇን ይዛ ደብረ ታቦር ገባች። ወይዘሮ ካሰች ከሚባሉ ሴት ግቢ አንዲት ክፍል ተከራየች፤ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ደግሞ ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጆግና የፕላስቲክ ወንበር የምትሸጥበት ሱቅ ከፈተች። ኑሮው የሞላ ባይሆንም አላሳፈራትም። የቀራት ምኞት አንድ ብቻ ነበር፤ አዲስዓለም የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ማየት።

ይህ ምኞት እያደር ፍርሃት ሆነባት። በአካባቢው በነበረው ግርግር ትምህርት ሲቋረጥ ሲቀጠል ስለከረመ፣ ልጆቹ ያልተማሩትን ምዕራፍ ሊፈተኑ ነው። ውጤት በወጣ ቁጥር ያለፈው ጥቂት፣ የወደቀው ብዙ ነው ይባላል። ልጆቻቸው ያላለፉላቸው እናቶች ለቅሶ እንደደረሰበት ሰው አንገታቸውን ደፍተው በሱቋ ደጅ ሲያልፉ ጥሩወርቅ ታያቸዋለች። ያን ቀን ለደንበኛ መልስ መስጠት እንኳ ያቅታታል።

አዲስዓለም ሰነፍ አልነበረችም። ግን መጽሐፉን ስትገልጥ ዓይኗ ይከደናል። ፊዚክሱ ደግሞ ጭራሽ አልገባት አለ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ የፈተና ወረቀቷን እያጣጠፈች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ካላለፍኩ ፓስፖርት አወጣለሁ» አለች። «ባለፈው ዓመት የወደቁት እነ ሰብለወንጌልስ ጅዳ ገብተው የለ።»

ጥሩወርቅ ወደ ግቢው ወጣች። የሪያዱን ቤት ለማንም አውርታ አታውቅም። በሩ ከውጭ ይቆለፍ እንደነበር፣ ስትታመም እንኳ ሰማይ ሳታይ እንደከረመች፣ ከጎረቤት ፎቅ የወደቀችውን የወሎ ልጅ በመስኮት አይታ እንዳታለቅስ እንደተቆጧት፣ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው የመጣችው። አሁን ልጇ በዚያው በር ልትገባ ነው። የፈሩት ይደርሳል የሚባለው እንዲህ ነው ብላ፣ ገና ያልደረቀውን የልጇን ልብስ ከማስጫው ላይ አወረደች።

ኪኒኑ ትዝ ያላት ያን ጊዜ ነው። የማዳሟ ልጅ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይችል፣ አስተማሪዎቹ ሁሉ የሚያማርሩበት ነበር። ሐኪም ዘንድ ወሰዱትና መድኃኒት ታዘዘለት። በየጠዋቱ ከወተት ጋር የምታስውጠው ራሷ ጥሩወርቅ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ የሚውል ሆነ፤ ማዳሟም ውጤቱን ለመጣ እንግዳ ሁሉ ታሳይ ጀመር። ጥሩወርቅ ይህን አልረሳችም። ልጁ ሕመም እንደነበረበት፣ ሐኪሙም በየጊዜው እየጠራ ክብደቱንና የልቡን ምት ይለካ እንደነበር ግን ማስታወስ አልፈለገችም።

እሷን ተክታ እዚያው ቤት ለገባችው ለዘነበች ደወለችላት። ያን ኪኒን ለልጇ እንድትልክላት ጠየቀቻት።

«እሱኮ ለሕመሙ የታዘዘለት ነው» አለች ዘነበች። «ለጤነኛ ሰው ምን እንደሚያደርግ በምን አውቃለሁ? ብያዝ ደግሞ እዚህ አገር ምሕረት የለም።»

ጥሩወርቅ ለመነቻት፤ አለቀሰችባት። አንድ አገር ልጆች መሆናቸውን፣ በዚያ ቤት ሁለቱም ያዩትን መከራ አነሳችባት። ለማዳሟ ልጅ መድኃኒቱ ተቀይሮለት የፊተኛው መሳቢያ ውስጥ ቀርቶ ስለነበር፣ ዘነበች እየፈራች በሕፃን ካልሲ ጠቅልላ ወደ አገሯ ለምትመለስ የይፋግ ሴት ሰጠችላት።

ጥሩወርቅ ሱቋን ዘግታ ይፋግ ወረደች። ተቀብላ ስትመለስ ኬላ ላይ ሚኒባሱ ቆመና ሰው ሁሉ ወርዶ ይፈተሽ ተባለ። ካልሲውን መቀነቷ ውስጥ ሸጉጣው ነበር። የምትፈትሻት ልጅ እጅ ወገቧ ላይ አረፈ። ምንድነው ብትላት የልጅ መድኃኒት ነው አለች፤ ድምፁ ከራሷ የወጣ አልመስል አላት። ልጅቱ ደባበሰችው፤ ወረፋው ረጅም ስለነበር ነው መሰል፣ እለፊ አለቻት። መኪናው የደብረ ታቦርን ዳገት እስኪጨርስ ጥሩወርቅ የሥላሴን ስም ስትጠራ መጣች። ይህን ያህል ያስፈራት ነገር ለልጅ የሚሰጥ ነው ወይ ብላ ራሷን አልጠየቀችም።

ለአዲስዓለም፣ ከሪያድ የመጣ ቫይታሚን ነው፣ አእምሮ ያፍታታል አለቻት። ልጅቱም ሳትጠራጠር ከቁርስ ጋር ዋጠችው።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለጥሩወርቅ ከመጣች ወዲህ ያላየቻቸው የደስታ ጊዜያት ነበሩ። አዲስዓለም ከመጽሐፉ ላይ ቀና አትልም። ፊዚክሱ ተፈታላት፤ አስተማሪው ክፍል ፊት አቁሞ አመሰገናት። የወይዘሮ ካሰች ልጅ ሚሚ፣ የክፍሏ ተማሪ ናትና፣ ደብተር ልትዋሳት ትመላለስ ጀመር። ወይዘሮ ካሰችም ይህችን ልጅ ምን ብታበያት ነው እንዲህ የፈካችው እያሉ ይጠይቁ ነበር። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ወሬው ነው። ያች ቃል የማይወጣት ልጅ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ የአያቷን ቤት፣ ብቻዋን ያለቀሰችበትን የጥምቀት በዓል፣ በስልክ የምትሰማው የእናቷ ድምፅ ሲቋረጥ ምን ይሰማት እንደነበር ሁሉ ሳታቋርጥ ታወራላት ጀመር። ጥሩወርቅ እያዳመጠች ታለቅሳለች። ዛሬም ያን ጊዜ ያወራቻት ልጇ ትሁን ኪኒኑ ለይታ አታውቅም።

ዐቢይ ጾም ሲገባ አዲስዓለም ምግብ ተወች። ጥሩወርቅ በመጀመሪያ ጾሙ መሰላት። ቀጥሎ ጉንጯ ጎደጎደ፤ ጣቶቿ በፀሐይም ቢሆን እንደ በረዶ ቀዘቀዙ፤ ከንፈሯን እስኪደማ ትነክሳለች። እንቅልፍ የሚባል ጠፋ። አንድ ከሰዓት ጥሩወርቅ ከሱቅ ስትመለስ መስኮቱ በጋቢ ተሸፍኖ አገኘችው።

«ምነው?» አለቻት።

«ወይዘሮ ካሰች በግድግዳው ያዳምጡኛል» አለች አዲስዓለም በሹክሹክታ። «የማጠናውን ለሚሚ ይነግሯታል።»

ጥሩወርቅ ልትስቅ ፈለገችና የልጇን ዓይን አየች። ዓይኑ ሳቅ የሚመልስ አልነበረም። ያን ቀን የገባባት ብርድ ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ አይደለም። ኪኒኑን ልታስቀረው ቆረጠች፤ በማግስቱም ቫይታሚኑ አልቋል አለቻት። አዲስዓለም እሺ አለች። ግን አልተኛችም፤ አልበላችም፤ እጇም አልሞቀም። ጥሩወርቅ ግራ ተጋብታ ከሣጥኗ ሥር የደበቀችውን ካልሲ አውጥታ ስትዳብሰው ቀሏል። ልጅቱ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ እየደረበች ትወስድ ኖሯል።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጠየቀቻት። አዲስዓለም አልካደችም።

«ቫይታሚን አለመሆኑን አውቄዋለሁ» አለች፤ ረጋ ብላ። «የማልወስድ ቀን ያነበብኩት ሁሉ ይጠፋብኛል። ልቤ ግን ሊወጣ ይደርሳል፣ እታለም። እፈራለሁ።»

«ታዲያ ተይው፣ ልጄ።»

«ብተወው እወድቃለሁ። አንቺስ የምትፈልጊው እንዳልወድቅ አይደል?»

ጥሩወርቅ ካልሲውን ወስዳ ሱቅ፣ ከተደራረቡት ባልዲዎች በአንዱ ውስጥ ደበቀችው። መጣል ይገባት ነበር፤ እጇ አልታዘዝ አላት። ፈተናው ደርሷል፤ ምናልባት በመጨረሻው ሰሞን ትንሽ ብትወስድ ብላ አሰበች። በኋላ፣ ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው ያችን ሐሳቧን ሆነ። ልጇ የሚያስፈልጋትን ያህል ቀድማ ለይታ አስቀምጣ እንደነበርም አላወቀችም።

የሞዴል ፈተና ቀን ከሱቋ ደጅ ባጃጅ ቆመና ሚሚ ወረደች። ፊቷ አመድ መስሏል። አዲስዓለም ከመቀመጫዋ ወድቃለች፣ ወደ ሆስፒታል እየወሰዷት ነው አለች። ጥሩወርቅ ሱቁን ሳትዘጋ ባጃጁ ውስጥ ገባች። መንገዱ ያው የምታውቀው መንገድ ነው፤ ያን ቀን ግን አላልቅ አላት። ሳልደርስላት፣ ሳልደርስላት የሚል ቃል በጆሮዋ ይመላለስባት ነበር።

አዲስዓለም በሕይወት ነበረች። አልጋ ላይ ተጋድማ ደረቷ ከቀሚሷ ሥር ሲዘል ከበሩ ይታያል። ላቧ ትራሱን አርሶታል፤ ዓይኗ ጣራው ላይ አንዳች ነገር ይከተላል። ወይዘሮ ካሰች ቀድመው ደርሰው ራስጌዋ ቆመዋል። ዓይን ነው፣ የሰው ዓይን ነው፣ ጠበል ይሻላታል ይላሉ። ዶክተር ደሳለው የሚባል ወጣት ሐኪም ደግሞ የልቧን ምት እያዳመጠ ፊቱ እየከበደ ሄደ። ታይፎይድ ይሆን፣ እንቅርት ይሆን፣ የልብ ሕመም ከልጅነቷ ነበረባት ወይ እያለ ይጠይቃል።

«የወሰደችው መድኃኒት አለ?» አላቸው።

በአንዲት ቅጽበት ኬላው፣ ፖሊሱ፣ የልጇ ከትምህርት ቤት መባረር፣ ሪያድ ያለችው የዘነበች ዕጣ፣ ልጇን በእጇ የመረዘች እናት የሚለው ስም፣ ሁሉም አንድ ላይ በጥሩወርቅ ፊት ድቅን አሉ። «ምንም» አለች።

ሐኪሙ አላመናትም። «እናቴ፣ ያድምጡኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንዳንድ መድኃኒት ከሌላው ጋር ሲገናኝ ልብ ያቆማል። የወሰደችውን ሳላውቅ የምሰጣት ነገር ይጎዳት ይሆናል።» ከዚያ ወደ አዲስዓለም ጎንበስ ብሎ ራሷን ጠየቃት።

አዲስዓለም ዓይኗን ከጣራው ላይ በጭንቅ አውርዳ እናቷን አየች። ከንፈሯ ደርቋል። ቃል ለማውጣት ሁለቴ ሞከረች።

«ምንም አልወሰድኩም» አለች።

ልጅቱ የምትሸፍነው እናቷን ነው። በዚያ ሁኔታ ሆና፣ ልቧ ከቁጥጥር ወጥቶ እየጋለበ፣ እናቷ እንዳትያዝባት ፈርታ ዋሸች። ጥሩወርቅ ይህን ስታይ እስካሁን የፈራችው ሁሉ ከዓይኗ ጠፋና አንድ ፍርሃት ብቻ ቀረ።

«ኪኒን ሰጥቻታለሁ» አለች። «እኔ ነኝ። ከሪያድ አስመጥቼ፣ በእጄ ነው የሰጠኋት።» የሚታዘዝበትን ሕመም፣ መልኩን፣ ትደርብ እንደነበር፣ ምግብና እንቅልፍ ከተወች መክረሟን፣ ሰው ያዳምጠኛል ማለቷን ሳይቀር ተናገረች። ወይዘሮ ካሰች ነጠላቸውን በአፋቸው ላይ አደረጉ።

ሐኪሙ አልተቆጣትም። ነርሷ ይዛ የመጣችውን መርፌ መልሳ እንድትወስደው ነገራትና ሌላ አዘዘ። ከዚያ በኋላ የቀረው መጠበቅ ነበር። ጥሩወርቅ የልጇን ቀዝቃዛ እግር በሁለት እጇ ይዛ፣ ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ በፈጠነ ቁጥር እሷም ትንፋሿን እየያዘች፣ ያን ቀን አመሸች። ድምፁ ረገብ ሲል ደግሞ የቆመ እየመሰላት ነርሷን ትጠራለች። ነርሷ ተመልሳ ትመጣለች፤ ደህና ናት ትላታለች፤ ጥሩወርቅ አታምናትም።

አዲስዓለም ተረፈች። ከሆስፒታል ስትወጣ ግን የወጣችው ሌላ ልጅ ነበረች። ስትተኛ ትውላለች፤ ስትነቃ ታለቅሳለች፤ መጽሐፍ ሲገለጥ ፊቷን ታዞራለች። የዚያን ዓመት ፈተና አልተቀመጠችም። ባሕር ዳር ወስደው ልቧን አስመረመሩ፤ ጠባሳ የለም፣ ግን ክትትል ይኑራት ተባለ። ጥሩወርቅ ከሱቁ የቀረውን ኪኒን አውጥታ ለዶክተር ደሳለው አስረከበች። ለዘነበችም ደውላ፣ ለሌላ ለማንም እንዳትሰጪ ብላ ለመነቻት። የምትጠብቀው ፖሊስ ሳይመጣ ቀረ። እሷ ግን የግቢው በር በተንኳኳ ቁጥር ወራቱን ሙሉ ደነገጠች።

በእናትና ልጅ መካከልም ነገሩ ቶሎ አልቀናም። አዲስዓለም ከእናቷ እጅ የተቀዳ ውሃ እንኳ አየት አድርጋ ነበር የምትጠጣው። ጥሩወርቅ ይህን ታያለች። ለመቀየም ምን መብት አላት? አንድ ቀን ግን ጆጉን ለልጇ አቀብላ፣ «አንቺው ቅጂ፣ ለእኔም ቅጂልኝ» አለቻት። አዲስዓለም ቀዳች። ከዚያ ወዲያ እንደዚያው ለመዱት።

ክረምቱ አልፎ አዲሱ የትምህርት ዘመን ከጀመረ በኋላ፣ ወይዘሮ ካሰች ወደ ሱቁ መጡ። የፕላስቲክ ወንበር አነሱ፣ አስቀመጡ፤ ሳፋ አገላበጡ። ሚሚም እንደ ብዙዎቹ አልፋ ስላልነበር ዳግም ልትፈተን ነው። ገዢዎቹ እስኪሄዱ ጠበቁና ጠጋ አሉ።

«ያ መድኃኒት ስሙ ማን ነበር?» አሏት።

ጥሩወርቅ የሰማችውን አላመነችም። «አንቱ ሆስፒታል ነበሩኮ» አለች። «በዓይንዎ አይተዋታል።»

«አይቻለሁ። ያንቺዋ አብዝታ ነው። እኔ እየለካሁ ነው የምሰጣት። ያን ጊዜ እንዴት እንደጎበዘች አላየሁም? የእኔዋ ስትተኛ ነው የምትውለው፤ ፈተናው ደግሞ ደረሰ።»

በወይዘሮ ካሰች ፊት ላይ ጥሩወርቅ የራሷን ፊት አየች፤ ያን ጊዜ መስተዋት ብታይ ኖሮ የምታየውን። ተንበርክካ ጉልበታቸውን ያዘች። ልጇ በመስኮቱ ላይ የሰቀለችውን ጋቢ፣ የተነከሰውን ከንፈር፣ የመሣሪያውን ድምፅ፣ እሳቸው የማያውቁትን ሁሉ ጭምር ነገረቻቸው። ወይዘሮ ካሰች እግራቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁ።

«የሌላ ሰው ልጅ ፈተና ሲያልፍ ማየት አልሆነልሽም» ብለዋት ሄዱ።

ጥሩወርቅ ቤት ገብታ ለአዲስዓለም ነገረቻት። ስለ ኪኒኑ ሁለቱ በግልጽ ሲያወሩ ያ የመጀመሪያቸው ነው። አዲስዓለም ብዙ አላሰበችም፤ ነጠላዋን አደረገችና ግቢውን ተሻግራ ወደ ሚሚ ክፍል ገባች። ጥሩወርቅ ደጅ ቆመች። ከውስጥ የሚሰማት የልጇ ድምፅ ብቻ ነው፤ ቃሉ አይለይም። ሳይቋረጥ ያወራል፤ እንደዚያ ጊዜው ግን አይጣደፍም።

ስትወጣ ፊቷ ጠቁሯል። ሚሚ ገና ምንም አልወሰደችም። ከክፍሏ ልጆች መካከል ግን የሚወስዱ አሉ፤ ከየት እንደሚያመጡት ሚሚም አታውቅም፤ ከሪያድም አይደለም። እናቷ ፋርማሲ እየዞሩ መጠየቅ መጀመራቸውን ግን ነግራታለች።

«ቢሰጡኝ አልውጥም ብላኛለች» አለች አዲስዓለም።

«ታምኛታለሽ?»

«አላውቅም።»

በማግስቱ ሁለቱ አብረው ወደ ትምህርት ቤቱ ሄዱ። ርዕሰ መምህሩ አቶ በላይነህ ሰምተው ሲያበቁ አዲስዓለምን፣ ለተማሪዎቹ ራስሽ ትነግሪልኛለሽ ወይ ብለው ጠየቋት። እሺ አለች። የሆነባትን ሁሉ እንደተናገረች ሚሚ ናት ለጥሩወርቅ የነገረቻት። የእናቷን ስም ግን አላነሳችም።

አዲስዓለም ዘንድሮ በግል ተመዝግባ ተፈትናለች። ለፈተናው በሄደችበት ጠዋት፣ ተፈታኞቹን ወደ መፈተኛው ዩኒቨርሲቲ የሚወስደው አውቶቡስ ሞተሩን አስነስቶ፣ ጭጋጉ ገና ከከተማው ላይ ሳይነሳ፣ ጥሩወርቅ በመስኮቱ በኩል ቀና ብላ ልጇን አየቻት። ፊቷ ትንሽ ሞላ ብሏል። ዓይኗ ያበጠው እንቅልፍ ስላልጠገበች ነው፤ እንደማንኛውም ተማሪ።

«ፈራሽ?» አለቻት።

«ፈርቻለሁ» አለች አዲስዓለም። ቆየት ብላ ደግሞ፣ «አንቺስ?»

«እኔማ» አለች ጥሩወርቅ።

ውጤቱ ገና አልወጣም። ጥሩወርቅ ሱቋን ጠዋት ትከፍታለች፤ ስልኳ በጠራ ቁጥር የያዘችውን ጥላ ታነሳዋለች። ወይዘሮ ካሰች በሱቁ ደጅ ሲያልፉ ሰላምታዋን ይመልሳሉ፤ ግን አይቆሙም።